እንጦጦ ፓርክ፣ ሀሳብ አላስቀምጥ ሲላችሁ

ስለ እንጦጦ ፓርክ ልጻፍላችሁ፣ ስለ ዚፕላይኑና ስለ ፈረሱ ብዙ ሰው ስለሚያወራ እኔ ስለ እግር መንገዱ ብቻ ነው የማወራው። 5 የምታዩት፣ 4 የምትነኩት፣ 3 የምትሰሙት፣ 2 የምታሸቱት፣ 1 የምትቀምሱት እያሉ በልብ መቁጠር የሚባለውን ታውቁት ይሆናል፣ ጭንቀት ሲነሳና ሀሳብ ነገ ነገ እያለ ሲሮጥ አሁን ወዳላችሁበት ይመልሳችኋል። ቤት ውስጥም ይሰራል ግን እንደዚህ ቦታ የሚመች አላየሁም በእውነት።

ከወደቀ ቅርንጫፍ ላይ አንድ እርጥብ የባህር ዛፍ ቅጠል አንሱና በሁለት ጣት ፈትጉት፣ መጀመሪያ ልስልስ ይላል ከዛ ዘይቱ ሲወጣ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ሽታው ደግሞ አፍንጫችሁን ክፍት ነው የሚያደርገው፣ ልጅ እያለን ጉንፋን ሲይዘን እናቶቻችን ቀቅለው የሚያጥኑን እኮ እሱው ነው! ዛፉ ራሱ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፣ አሁን ግን የኛው ሆኗል።

ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራል፣ ስለዚህ አትቸኩሉ፣ ቀስ ብላችሁ እግራችሁ ስር ደረቁ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ስሙት። ለምላስ እኔ ቆሎ ይዤ ነው የምሄደው፣ ገብሱንና ሽምብራውን ለየብቻ እያኘኩ።

በስራ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ጸጥ ይላል፣ ጃኬት ያዙ ብርዱ ቀላል አይደለም፣ በክረምት ደግሞ የማያዳልጥ ጫማ። ጭንቀቱ እንቅልፍና ስራ የሚከለክላችሁ ከሆነ ግን ሀኪም ጋር ሂዱ እሺ። ከኔ 5 ከ5።