ለ67ቱ ሙስታንግ የገጠምኩት ኤሲ፦ ቆሞስ ያቀዘቅዛል?

መጀመሪያ ፍርዴን ልንገራችሁ። ኪቱን፣ ማለትም ለድሮ መኪና የሚሸጠውን የኤሲ ዕቃ ስብስብ፣ ወድጄዋለሁ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ብቻውን ግን አይበቃም።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1967 ሙስታንግ ናት። ሞተሯ 289 ቪ8፣ መቀመጫዋ ጥቁር ቪኒል። በ65 እና በ66 ሞዴሎች ላይ ኤሲ የሚባለው ከክሩስኮቱ (ከዳሽቦርዱ) ሥር የሚንጠለጠል ሳጥን ነበር። በ67 ፎርድ ክሩስኮቱ ውስጥ አስገባው፤ እሱም ለፈለገ ሰው ብቻ ነው። የኔዋ ያለ ኤሲ ነው የታዘዘችው። በጋ ላይ የሞተሩ ሙቀት በላሜራው አልፎ እግር ላይ ይመጣል። ቪኒሉ ደግሞ ጀርባ ላይ ይጣበቃል። ይህን ያህል የምወዳትን መኪና በሙቀት ምክንያት አቁሜ ማየት አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

የድሮውን የፋብሪካ ዕቃ ፈልጎ መግጠም ይቻላል። እኔ አልመክርም። በዚያ ዘመን የነበረው የፎርድ ኮምፕሬሰር (የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ክፍል) ባለ ሁለት ፒስተን ነው፤ ከባድ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። የተሠራውም ለአር12 ጋዝ ነው። ያ ጋዝ ኦዞንን ስለሚጎዳ ያደጉት አገሮች ከ1995 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ማምረት አቁመዋል። አዲሶቹ ኪቶች በአር134ኤ ይሠራሉ። ከኔ ኪት ጋር የመጣው ኮምፕሬሰር ሳንደን የሚባለው ነው፤ ባለ አምስት ፒስተን፣ ትንሽ፣ ጸጥተኛ። ሞተሩ ላይ መኖሩ እንኳ አይታወቅም።

የውስጡ ሳጥን ማቀዝቀዣውንም፣ ማሞቂያውንም፣ የመስታወት ጉም ማጥፊያውንም አንድ ላይ ይዟል። ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ የክሩስኮቱ መልክ አለመነካቱ ነው። የድሮዎቹ እጀታዎች እዚያው ናቸው፤ አዲሱን ሳጥን የሚያዙት እነሱ ናቸው። የከፈልነው የክሩስኮቱ ኪስ ማነሱ ነው። ከኪቱ ጋር አጠር ያለ ምትክ ኪስ ይመጣል፤ የመኪናዋን ወረቀት ይይዛል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

ወደ ድክመቱ ልምጣ። የኮንደንሰሩ (የኤሲውን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያራግፈው ክፍል) ማሰሪያ ቀዳዳዎች ከቦታቸው አልገጠሙም፤ በሞረድ ማስፋት ግድ ሆነ። ይሄ ቀላሉ ነው። ዋናው ቅሬታዬ መመሪያው ላይ ነው። ስለ ክሩስኮቱ ገጽ በገጽ ያብራራል፤ ስለ ራዲያተሩ ግን ምንም አይልም ማለት ይቻላል። ችግሩ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት ይቀመጣል። ከጋቢናው የተሰበሰበውን ሙቀት የሚያራግፈው እዚያ ነው። ስለዚህ ራዲያተሩ የሚያገኘው አየር አስቀድሞ የሞቀ ነው። መኪናዋ ስትሮጥ ነፋሱ ስለሚበዛ ችግር የለም። ትራፊክ ላይ ስትቆም ግን በቺንጋ (በሞተሩ ቀበቶ) የሚዞረው ፋን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) ቀስ ይላል። ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ማራገፍ ያቅተዋል፤ የጋዙ ግፊት ይጨምራል፤ ከክሩስኮቱ የሚወጣው አየር ይሞቃል። የሞተሩ ሙቀት ጌጅም አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ኤሲ የሚፈተነው ቆሞ ነው። በሩጫ ላይ ሁሉም ያቀዘቅዛል።

የኔ መፍትሔ ወፍራም የአሉሚኒየም ራዲያተር፣ ባለ ሰባት ምላጭ ፋን፣ ፋኑን ዙሪያውን የሚያቅፍ ሙሉ መከለያ ነው። በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ ጎን ያሉትን ክፍተቶችም በጎማ ዘጋሁ። አየሩ አቋራጭ ካገኘ በመካከላቸው አያልፍምና። አሁን የሚወጣው አየር በመንገድ ላይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቆማ 10 አካባቢ ነው። ለኔ ይህ ድንቅ ነው።

የኤሌክትሪኩንም ነገር አትርሱ። የድሮው ዲናሞ 40 አምፔር አካባቢ ነው። የኤሲው ፋን፣ የኮምፕሬሰሩ ፍሪሲዮንና የፊት መብራት አንድ ላይ ሲበሩ ይጨነቃል። ባለ 100 አምፔር አስገባሁ፤ የኤሲውንም ገመድ በሪሌይና በራሱ ፊውዝ ከባትሪ ሳብኩ። ሚኒሞውም ጉዳይ አለው። ካርቡሬተር ኮምፒውተር የለውም፤ ኮምፕሬሰሩ ሲያያዝ የሞተሩ ዙር ይወርዳል። ሚኒሞውን ከፍ የሚያደርግ ሶሌኖይድ ኪቱ ውስጥ መኖር ነበረበት፤ የለም። ለብቻው ገዛሁት።

ጋዝ የሚሞላላችሁን ባለሙያ በደንብ ምረጡ። ድራየሩ (ጋዙን የሚያደርቀው ጣሳ) የእርጥበት መምጠጫ ስላለው ክዳኑ እስከ መጨረሻው ሰዓት መከፈት የለበትም። ከዚያ ሲስተሙ ቢያንስ ለ45 ደቂቃ በቫኪዩም ይሳብ፤ ውስጥ የቀረው እርጥበት በንኖ የሚወጣው ያኔ ነው። ጋዙም በሚዛን ተለክቶ ይግባ። «ትንሽ ልጨምርልህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አስቁሙት፤ ሲበዛ ቅዝቃዜው ይቀንሳል። የግፊት ስዊቹንም ማንም እንዳያልፈው። ጋዝ ሲያልቅ ዘይቱም በወጉ አይዞርም፤ ኮምፕሬሰሩን ከመቃጠል የሚያድነው ስዊቹ ነው።

ምንጣፉ ሥር የሙቀት መከላከያ ንጣፍ ማስገባት እና የበር ጎማ መቀየርም ይረዳል።

ክላሲክ መኪናውን በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ይህን ኪት ሳላመነታ እመክራለሁ፤ የራዲያተሩን፣ የዲናሞውን እና የሶሌኖይዱን ወጪ አብሮ ያስላ። ኦሪጅናልነቷ ይነካል ብላችሁ ለምትሰጉ፦ ከራዲያተሩ ፊት ካሉት ጥቂት የብሎን ቀዳዳዎች በስተቀር አካሏ አልተቆረጠም። የድሮውን የማሞቂያ ሳጥንና ኪስ ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ወደ ፋብሪካ መልኳ ልመልሳት የሚል ሰው ቢመጣ ዕቃው አለ።