ኦዲኤ ፋይል ኮንቨርተር፦ ዘጠኝ ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ

ቢሯችን ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ ብዙም አይርቅም። የምንሠራው በአብዛኛው መኖሪያ ቤት ነው፤ ጂ+1፣ ጂ+2፣ አልፎ አልፎ ምድር ቤቱ ሱቅ የሆነ። ያለን ሁለት ኮምፒውተር ነው። የኔ ዴስክቶፕ ላይ አውቶካድ 2012 የሚባለው የፕላን መሳያ ፕሮግራም አለ፤ የባልደረባዬ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሌላው መሳያ፣ አርኪካድ። ቀያሹ፣ የስትራክቸር መሐንዲሱና የኤሌክትሪክ ባለሙያው ግን ከኔ አዲስ በሆነ አውቶካድ ነው የሚሠሩት፤ የእነሱን ፋይል የኔው አይከፍተውም። ድሮ ፋይል በመጣ ቁጥር ስልክ አነሳ ነበር፤ «ወንድሜ፣ እባክህ ወደ 2010 ዝቅ አድርገህ መልስልኝ» እያልኩ። ሰውየው ሳይት ላይ ከዋለ የኔም ሥራ እስከ ማታ ቆሞ ይውላል።

ኮንቨርተሩን፣ ማለትም የፕላን ፋይልን ከአንድ እትም ወደ ሌላ የሚለውጠውን ፕሮግራም፣ ጥቅምት ላይ የጫንኩት ለዚሁ ነው። ያዘጋጀው ኦፕን ዲዛይን አሊያንስ (ባጭሩ ኦዲኤ) የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ አውቶካድ ፕላን የሚያስቀምጥበትን የዲ ደብሊው ጂ ፋይል ሌሎች ፕሮግራሞችም አንብበው እንዲጽፉ ለማስቻል የተነሳ። መለወጫው ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊነክስም ይሠራል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ላለ ቢሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሠራሩ በጣም ቀላል ነው። ያለው አንድ መስኮት ነው። ፋይሎቹ ያሉበትን ፎልደር ታሳዩታላችሁ፣ የሚወጡበትን ፎልደር ትመርጣላችሁ፣ የሚፈለገውን ዓይነትና እትም ትመርጣላችሁ፣ ታስጀምራላችሁ። የሚሠራው በፎልደር ስለሆነ አንድ ፋይል ብቻ ለመለወጥ እንኳ ለብቻው ፎልደር አዘጋጅለታለሁ፤ መጀመሪያ ግር ብሎኝ ነበር። ፕላኑን ከፍቶ አያሳይም፤ ለማየት የተሠራ አይደለም። ስህተት መፈተሻውን ሁልጊዜ ምልክት አድርጌ ነው የማስጀምረው።

ፋይል ከመለወጤ በፊት በኖትፓድ እከፍተዋለሁ። የሚታየው የተመሰቃቀለ ነገር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምልክቶች ግን ይነበባሉ። ኤሲ1024 ከሆነ የ2010 እትም ነው፣ የኔ አውቶካድ ይከፍተዋል። ኤሲ1027 የ2013፣ ኤሲ1032 የ2018 ነው፤ እነዚህን የኔው አያውቃቸውም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ቀያሻችን አንዴ «2018 ማለት ዘንድሮ ነው እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል።) ይህን ካወቅሁ ወዲህ «አልከፈት አለኝ» ብዬ ማንንም አላስቸገርኩም።

መስመሩን በተመለከተ እስካሁን ቅሬታ የለኝም። ግድግዳው፣ ኮለሙ፣ ደረጃው፣ ሌየሩ፣ ብሎኩ እንደተላከ ይደርሰኛል። ያስቸገረኝ አማርኛው ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር።

እኔ የክፍል ስሞችን በአማርኛ ነው የምጽፈው። ፎርማኑም ግንበኛውም የሚያነቡት እሱን ነው፤ «ማዕድ ቤት» ተብሎ ሲጻፍ ማንም አይሳሳትም። ኅዳር ላይ አንድ ፎልደር ወደ 2010 ለውጬ ለአንድ ሳይት ሰጠሁ። በማግስቱ ፎርማኑ ደወለልኝ፦ «ኢንጂነር፣ ክፍሎቹ ላይ ያለው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። የቱ ነው መኝታ፣ የቱ ነው ማዕድ ቤት?» መለወጫው አበላሽቶት ይሆናል ብዬ ወደ ኮምፒውተሬ ሮጥኩ። እኔ ጋ ሁሉም ደህና ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የዲ ደብሊው ጂ ፋይል የሚይዘው የፎንቱን ስም እንጂ የፊደሉን ቅርጽ አይደለም። ፕላኑ የታተመበት ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ የኔ ፎንት ስላልነበረ አውቶካድ በራሱ የኤስ ኤች ኤክስ ፎንት ተካው፤ ያ ፎንት ደግሞ ግዕዝን አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ወደ ሳይት የሚሄደው ፒዲኤፍ ነው፤ ዲ ደብሊው ጂ ለባለሙያ ብቻ ነው የምልከው፣ ፎንቱን አብሬ አድርጌ። ኒያላና አቢሲኒካ ከሚባሉት የግዕዝ ፎንቶችም አልወጣም።

ሌላው የእትም ምርጫ ጉዳይ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ዲ ደብሊው ጂ ጽሑፍን በዩኒኮድ ማስቀመጥ የጀመረው ከ2007 እትም ነው። ከዚያ በታች ከተወረደ እያንዳንዱ ፊደል በኮድ ቁጥሩ ይጻፋል፤ «መ» 1218 ትሆናለች። አውቶካድ ቁጥሩን መልሶ ፊደል ያደርገዋል፣ አንዳንድ ትናንሽ ፕሮግራሞች ግን ቁጥሩን እንዳለ ይዘረግፉታል። ስለዚህ አማርኛ ያለበትን ፕላን ከ2007 በታች አላወርድም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ አሮጌ ፕላኖች ደግሞ ምንም መድኃኒት የላቸውም፤ ውስጣቸው የላቲን ፊደል ነው፣ የሚተላለፈውም እሱው ነው። የአንድ ደንበኛችንን የድሮ ፕላን ሙሉ ጽሑፍ እንደገና በእጄ ተይቤያለሁ፤ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

የልኬት መለኪያውም እንዲሁ ነው። ቀያሽ የሚሠራው በሜትር ነው፣ እኛ በሚሊ ሜትር። ኮንቨርተሩ ቁጥሩን እንዳለ ያሳልፋል፤ መለኪያው ፋይሉ ላይ ካልተሞላ 20 ሜትር የሆነ የግቢ ጎን 20 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይገባል። አንዴ ቦታው የት ጠፋ ብዬ ስፈልግ ነጥብ የሚያክል ሆኖ አገኘሁት። አሁን ፋይል ከመላኬ በፊት የመለኪያ ቅንብሩን አያለሁ፤ ቁጥሩ 4 ከሆነ ሚሊ ሜትር፣ 6 ከሆነ ሜትር ማለት ነው።

የቀያሹ ፋይል የሚመጣው አዲንዳን፣ ዞን 37 በሚባለው የካርታ ቦታ መጠቆሚያ ሥርዓት ነው፤ የኛ አካባቢ ቁጥር በምሥራቅ ከ470 ሺህ፣ በሰሜን ከ970 ሺህ ሜትር በላይ ነው። አውቶካድ ይህን ችሎ ይይዘዋል። ባለ ሦስት አውታር ፕሮግራሞች ግን ሥዕሉ ከመነሻው ነጥብ እጅግ ሲርቅ መስመሩ ይንቀጠቀጥባቸዋል። ባልደረባዬ ቦታውን ወደ ዜሮ አስጠግታ ነው የምትሠራው፤ የአንዱን ማዕዘን ትክክለኛ ቁጥር ግን ሥዕሉ ላይ ጽፋ ታስቀምጣለች። ያ ቁጥር ከጠፋ ቀያሹ ችካል የሚተክልበት አይኖረውም።

በርና መስኮት የሚቆርጥልን ብረታ ብረት ቤት አር 12 ዲ ኤክስ ኤፍ የሚባለውን የቆየ የሥዕል ፋይል ዓይነት ይፈልጋል፤ ማሽኑ የሚገባው እሱ ነው። ኮንቨርተሩ ይሠራዋል፤ ሞላላና ጠመዝማዛ መስመሮች ብቻ በአር 12 ውስጥ ስለሌሉ በቁርጥራጭ መስመር ይተካሉ። ለጌጥ በር ይህ ልዩነት ዓይን አይገባም።

የማይሠራውን ማወቅም ይጠቅማል። ከአርኪካድ በዲ ደብሊው ጂ የወጣ ግድግዳ መስመር ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም፤ ውፍረቱን፣ ቁመቱንና ማቴሪያሉን ይዞ እንዲሄድ ከተፈለገ መንገዱ አይ ኤፍ ሲ የሚባለው የሕንፃ ሞዴል መለዋወጫ ፋይል ነው፤ ዓለም አቀፍ ደረጃው አይ ኤስ ኦ 16739 ነው። ኮንቨርተሩ አይ ኤፍ ሲን አይነካም። ከዋናው ፕላን ጋር በኤክስሬፍ (ሌላ ፋይልን ከውጭ ጠርቶ በማሳየት) የተያያዙ ፋይሎችንም አንድ አድርጎ አያጣብቅም፤ ላኪው ራሱ አስሮ መላክ አለበት። የስትራክቸር መሐንዲሳችንን ይህን ብቻ ነው የለመንኩት፣ እሱም ከየካቲት ጀምሮ አስሮ ይልክልኛል።

ባለፈው ሳምንት ከእሱ 23 ፋይል መጣ፣ ሁሉም ኤሲ1032። ለውጬ ቡና እስኪፈላ ሥራ ጀመርኩ። ስልክ አልደወልኩም።