ለልጃችን ያሰብነውን ንብረት ለባለአደራ እንድናስረክብ ለረዱን ጠበቃ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚሠሩ አንዲት ጠበቃ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብና የአካል ጉዳት ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ለምታሳድጉ ወገኖቼ እሳቸውን ለመጠቆም ነው።

ልጃችን ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሲሆን በቅርቡ 18 ዓመት ይሞላዋል። እኔና ባለቤቴ ካለፍን በኋላ ያጠራቀምነው ገንዘብና የሕይወት መድናችን እንዴት ይደርሰዋል የሚለው ሐሳብ ለዓመታት እንቅልፍ ሲነሳን ኖሯል። በስሙ ብናወርሰው፣ ኤስ ኤስ አይ የሚባለው የመንግሥት ድጎማ ተቀባዩ ከ2,000 ዶላር በላይ የሚቆጠር ሀብት እንዳይኖረው ስለሚያዝ፣ ድጎማውም ከእሱ ጋር የተያያዘው ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የሕክምና ሽፋንም ሊቋረጥበት ይችላል። ዘመዶቻችን ደግሞ ሁሉንም በእህቴ ስም አድርገን አደራ እንድንላት ይመክሩን ነበር። እህቴን እንደ ራሴ አምናታለሁ፤ ጠበቃችንም ይህን እምነት ሳያቃልሉ፣ በስሟ የተቀመጠ ገንዘብ በሕግ ፊት የእሷ እንደሆነ፣ ብትከሰስ፣ ትዳሯ ቢፈርስ ወይም ቀድማ ብታልፍ የልጃችን ድርሻ ከእሷ ንብረት ጋር ተቆጥሮ ሊሄድ እንደሚችል ጥርት ባለ አማርኛ አስረዱን።

ያዘጋጁልን ስፔሻል ኒድስ ትረስት የሚባለውን፣ ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ሰው የሚቋቋም የአደራ ሰነድ ነው። ንብረቱ በትረስቱ ሥር ይያዛል፤ እህቴ ባለአደራ ሆና ታስተዳድረዋለች፤ ጥቅሙ ግን ለልጃችን ይውላል። ገንዘቡ የእኛ የወላጆቹ እንጂ የልጁ ስላልነበረ፣ እሱ ሲያልፍ ለሕክምናው ላወጣው ወጪ ከትረስቱ ለሜዲኬይድ የሚመለስ ነገር አይኖርም፤ የተረፈው እኛ ለጠቀስናቸው ሰዎች ይተላለፋል። ልጁ በካሳ ወይም በሌላ መንገድ በራሱ ስም ያገኘው ገንዘብ ግን ሌላ ደንብ ስላለው፣ ከዚህኛው ጋር እንዳይቀላቀል አጥብቀው አሳስበውናል።

እኔን እጅግ የነካኝ ለእህቴ የሰጡት ጊዜ ነው። እኛን ከክፍሉ አስወጥተው ኃላፊነቱን በሙሉ ፈቃዷ እንደምትቀበል ለብቻዋ ጠየቋት፤ ከዚያም ሥራውን አንድ በአንድ አስረዷት። የትረስቱን ገንዘብ ከራሷ ገንዘብ ለይታ በተለየ የባንክ ሂሳብ እንድትይዝ፣ ደረሰኝ ሁሉ እንድታስቀምጥ፣ ለልጁም ጥሬ ገንዘብ በእጁ ከመስጠት ይልቅ ኮምፒውተሩን ይሁን የስልክ ክፍያውን በቀጥታ ለሻጩ እንድትከፍል ነገሯት፤ በእጁ የገባ ጥሬ ገንዘብ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ድጎማውን ይቀንሳልና። እሷ ባትችል ማን እንደሚተካት ሳንወስንም ሰነዱን አላስፈረሙንም።

የመድን ወረቀታችንን ራሳቸው ገልጠው የተጠቃሚውን ስም አዩ። የልጃችን ስም በቀጥታ ተጽፎ ቢቀር ገንዘቡ ትረስቱ ውስጥ ሳይገባ በስሙ ሊከፈል ስለሚችል፣ ትረስቱ ተጠቃሚ ሆኖ እንዲመዘገብ ቅጹን አብረውን ሞሉ። ክፍያቸውንም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሁፍ አሳውቀውን፣ በመጨረሻ የጠየቁን ያንኑ ነው።

ጠበቃችን ሆይ፣ ስለ ትዕግሥትዎና ስለ ጥንቃቄዎ እኔና ቤተሰቤ ከልብ እናመሰግንዎታለን። ስማቸውንና የቢሮአቸውን ስልክ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ስትሄዱ የመድንና የጡረታ ቁጠባ ሰነዶቻችሁን፣ ከተቻለም ባለአደራ ልታደርጉት ያሰባችሁትን ሰው ይዛችሁ ብትቀርቡ ይመረጣል።