የኖራ ዱቄት ለአሮጌ ቤት ልስን፦ ለለገሃር ግድግዳ ይሆናል፣ ለቸኮለ ግን አይሆንም

በአዳማ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ዙሪያ (ለገሃር የሚለው ስም ራሱ የፈረንሳዮቹ ውርስ ነው) የድንጋይ ወይም የጭቃ ቤት የሚያድስ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ሲሚንቶ ነው። ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል። አሮጌ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ በሲሚንቶው ልስን በኩል መውጫ ሲያጣ ታፍኖ ጨው ያወጣል፣ ልስኑም ከጉልበት በታች አብጦ ይረግፋል። የጭቃ ቤት ከሆነ ማገሩና ቋሚው ይበሰብሳል። ፊቱ ለጎብኚ ፎቶ ያማረ ቤት ጓዳው ሻጋታ ሻጋታ የሚሸተው፣ የልጆቹም ሳል የማይለቀው ለዚህ ነው።

ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል። ዱቄቱን ቢያንስ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ ከዚያ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ የታጠበ አሸዋ። አሸዋውን በጠርሙስ ውሃ ነቅንቃችሁ አስቀምጡት፤ ከላይ ወፍራም ደለል ከረጋ ልስኑ ይሰነጠቃል፣ እንደገና ይታጠብ። ለድንጋይ ግድግዳ የስምጥ ሸለቆውን ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) አድቅቆና በደቃቅ ወንፊት ነፍቶ የኖራውን ግማሽ ያህል መጨመር ያዋጣል፤ ፑሚሱ ከኖራው ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል፣ ዝናብም ይችላል። የጭቃ ግድግዳ ግን መጀመሪያ በጭድ በቦካ ጭቃ ይስተካከል፣ ውሃም አይዘፈቅ፤ መጠነኛ ርጭት ይበቃዋል።

አንድ ዙር ልስን ከ10 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በሁለት ዙር መካከል አንድ ሳምንት ያህል ጠብቁ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው፤ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሆነ እርጥበት ይፈልጋል፣ የአዳማ ፀሐይና ነፋስ ደግሞ በአንድ ቀን ያደርቀዋል። እንዲህ የደረቀ ልስን በእጅ ሲዳሰስ እንደ ዱቄት ይራገፋል። እርጥብ ጆንያ ሸፍኑበት፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እርጩ።

ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ ቀርፋፋ ነው፣ በደንብ የሚያውቀው ለሳኝም በቀላሉ አይገኝም። ዱቄቱ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና ጓንትና መነጽር ግድ ነው፤ ሲቦካ ልጆች አይጠጉ። ለአዲስ የብሎኬት ቤት ልፋቱ አያዋጣም።

የቀበሌ ቤት ተከራይ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። በቅርስነት ለተመዘገበ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣኑ ይሁንታ ያስፈልጋል። መጨረሻ ላይ የሚቀባው የኖራ ውሃ ይሁን፤ ፕላስቲክ ቀለም ከተቀባበት ያ ሁሉ ድካም እንደ ሲሚንቶው ታፍኖ ይቀራል።