የእናቴን ቤት ፕላን ከብሎኬት ወደ ድንጋይ ላዞረችልን አርክቴክት

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቷል። ግን እናቴ ገብታ ሳታድርበት መጻፍ አልፈለግሁም። አሁን ገብታለች። ይኸው ሁለተኛ ሳምንቷ ነው።

ቤቱ ያለው ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ህዳርና ታህሳስ ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው። እናቴ የመንዝ ልጅ ናት። ያደገችው ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር የሆነ ቤት ውስጥ ነው። «ከሠራችሁልኝ አይቀር የድንጋይ ይሁን» አለችን። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

እኛ ደግሞ ፕላኑን ቀድመን ይዘናል። ዱባይ ያለችው እህቴ በቴሌግራም የላከችልን ዝግጁ ፕላን ነው። ሦስት መኝታ፣ ሰፊ ሳሎን፣ በውጭ ሲለካ 10 ሜትር በ9 ሜትር። እናቴም አይታ ወደደችው። ችግሩ፣ የተሠራው ለብሎኬት ነው። መጀመሪያ ያማከርነው ባለሙያ «ፕላኑ ያው ነው፣ ብሎኬቱን በድንጋይ መተካት ብቻ ነው» አለን። አምነን ቁፋሮ ልንጀምር ስንል አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቆይ፣ አንዲት አርክቴክት ላገናኝህ» አለኝ። እሱንም እግዜር ይስጠው።

መጣች። ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አላወራችንም። ኖራ አስመጣችና የእናቴን መኝታ ቤት መሬቱ ላይ አሰመረችው። መጀመሪያ በ20 ሳንቲ የብሎኬት ግድግዳ፣ ቀጥሎ እዚያው ላይ በ50 ሳንቲ የድንጋይ ግድግዳ። ከዚያ «እማማ፣ እስቲ ይግቡ» አለቻት። «አልጋዎን የት ያደርጉታል? ቁም ሳጥኑስ?» እናቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ገባች። እዚህ፣ እዚህ እያለች አሳየቻት። ሁለቱም ቦታ ሲይዙ መተላለፊያ አልተረፈም። እናቴ ዝም ብላ የኖራውን መስመር አየችው። እኔም ያኔ ነው የገባኝ።

ሒሳቡን በኋላ ወረቀት ላይ አሳየችኝ። የውጩን ልክ ሳንነካ ግድግዳውን ብናወፍረው በየጎኑ 30 ሳንቲ ወደ ውስጥ ይገባል። ከርዝመቱም ከወርዱም 60፣ 60 ሳንቲ ይሄዳል። የውስጡ ስፋት ከ82 ካሬ ተኩል ወደ 72 ካሬ ይወርዳል። የጎደለው 10 ካሬ ተኩል አንድ ሙሉ መኝታ ቤት ይወጣዋል።

እሷ የውስጡን ልክ እንዳለ ይዛ ግድግዳውን ወደ ውጭ አወጣችው። በጎረቤት አጥር በኩል ቦታ ስላልነበረ ቤቱን በሙሉ ወደ ግቢው አስጠጋችው። የውስጥ ማካፈያዎቹን ደግሞ በ15 ሳንቲ ብሎኬት ተወቻቸው። እዚያ ድንጋይ ቢገባ ቦታ ከመብላት በቀር የሚሰጠው ነገር የለም አለች። እናቴም ተስማማች።

ከሁሉ በላይ ግን የማመሰግናት ስለማይታየው ነገር ነው። በብሎኬት ቤት ሸክሙን የሚይዙት ኮለንና ቢም፣ ማለትም የአርማታ ቋሚዎቹና አግዳሚዎቹ ናቸው፤ ግድግዳው መሙያ ነው። በእኛ ቤት ግን የሚሸከመው ድንጋዩ ራሱ ነው። ክብደቱም ከብሎኬቱ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። በድሮው ፕላን ላይ ያለው መሠረት ይህን አይችልም። ስለዚህ የመሠረቱን ወርድ አሰፋችው። ማዕዘን ላይ የነበረውን ትልቅ መስኮት «ድንጋይ ጥጉ ሲበሳ አይወድም» ብላ አነሳችው። ሁለት ሜትር የነበረውን የሳሎን መስኮትም ለሁለት ከፍላ መሀሉን ግንብ አደረገችው። በ2017 ዓ.ም ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እሷም አንስታው ነበር። ከመስኮቶቹ በላይና ከጣሪያው ሥር ቤቱን እንደ መቀነት የሚዞር ፌሮ ያለው አርማታ አስገባች። ግንበኞቹንም በየተወሰነው ርቀት ከውስጥ እስከ ውጭ የሚደርስ ረጅም ድንጋይ እንዲያስገቡ አስጠነቀቀቻቸው። ካልሆነ ግድግዳው ለሁለት ተከፍሎ ሆዱ ይነፋል አለች። ሥራው ሲካሄድ ሦስት ጊዜ ከአዲስ አበባ መጥታ አይታለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ፕላኑ ላይ ሳሎኑና የእናቴ መኝታ ቤት ፊታቸው ወደ ሰሜን ነበር። በብርዱ ወራት ፀሐይ የምትሄደው በደቡብ በኩል ነው። ፕላኑን ገለበጠችው። አሁን ድንጋዩ ቀን ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል፣ ማታ ሙቀቱን ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይለቃል። እናቴ ያንን ከባድ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ከሁለት ወደ አንድ አውርዳለች።

የግድግዳው ውፍረት ደግሞ መስኮቱ ሥር መቀመጫ ሆኗል። እሷው ናት ሆን ብላ ዝቅ ያደረገችው። እናቴ ጠዋት ጠዋት ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ እዚያ ላይ ትቀመጥና ጥጧን ትፈትላለች። ፎቶውን ለእህቴ ልኬላት ስልክ ላይ አለቀሰች።

ድንጋይ ጊዜ እንደሚፈጅ አልደብቃችሁም። ጠርቦ የሚገነባ ጥሩ ግንበኛም እንደ ድሮው እንደልብ አይገኝም። ይህንንም ከመጀመሪያው ነግራናለች፤ ችኮላ ካለባችሁ በብሎኬቱ ሥሩት ብላ። ያስከፈለችን ሲታይ ደግሞ ያተረፈችልን በጣም ይበልጣል።

ዝግጁ ፕላን ይዛችሁ በድንጋይ፣ በጭቃ ወይም በሌላ ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቁፋሮ ሳትጀምሩ አነጋግሯት። ስሟንና ስልኳን በአደባባይ ማውጣት ስለማትወድ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ካርታውን ያዙ። ድንጋዩ ከየት እንደሚመጣ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።

አንቺም ይህን ካነበብሽ፣ እናቴ «ያቺ ልጅ ቡና ሳትጠጣ ነው የሄደችው» እያለች ነው። ቅዳሜ እንጠብቅሻለን።