ለፕሮፌሰር ቻርልስ ቬስት ምስጋና፣ ለእናንተ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ወገኖች። ዛሬ የማመሰግናቸው ሰው በሕይወት የሉም። ኤምአይቲ ኦፕን ኮርስዌር ለተባለው ነፃ የኮርሶች ድረ ገጽ ምስጋናው ግን ይገባቸዋል። ቻርልስ ቬስት ይባላሉ፤ የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ፕሮፌሰርና የአሜሪካው ኤምአይቲ (የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም) ፕሬዚዳንት ነበሩ፣ ከ1990 እስከ 2004 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)።

በ2000 አካባቢ ስንቱ ዩኒቨርሲቲ ኮርሱን በኢንተርኔት እንዴት እንደሚሸጥ ያሰላ ነበር። ኤምአይቲም መምህራኑን ሰብስቦ አስጠና። መምህራኑ ይዘውት የመጡት ሐሳብ ግን ሌላ ነው፦ በነፃ እንልቀቀው! ሐሳቡ የእነሱ ነው፣ ልክ ነው። ግን ስንት ጥሩ ሐሳብ አለቃ ጠረጴዛ ላይ ሞቶ ቀርቷል? ቬስት ተቀበሉት፣ ከሜለንና ከሂውሌት ፋውንዴሽኖች ገንዘብ አፈላለጉለት፣ በኤፕሪል 2001 ለዓለም ይፋ አደረጉት። በ2002 በ50 ኮርስ ተጀመረ። ዛሬ ከ2,500 በላይ ሆኗል። ኤምአይቲ ኦፕን ኮርስዌር ማለት ይኸው ነው።

እኔ ሊኒየር አልጀብራ (ቬክተርና ማትሪክስ የሚያጠናው የሒሳብ ክፍል) የገባኝ እዚያ ነው። የኮርሱ ቁጥር 18.06 ነው፣ አስተማሪው ጊልበርት ስትራንግ። የመጀመሪያው ሌክቸር ላይ ሁለት ቀላል እኩልታ ይጽፋሉ፦ 2x − y = 0 እና −x + 2y = 3። መጀመሪያ እንደለመድነው ሁለት መስመር ስለው የሚገናኙበትን ነጥብ ያሳያሉ። ከዚያ እነዚያኑ ቁጥሮች ወደ ታች፣ በዓምድ ያነቧቸዋል፤ የx ቁጥሮች (2, −1) አንድ ቬክተር (እንደ ቀስት አቅጣጫና ርዝመት ያለው)፣ የy ቁጥሮች (−1, 2) ሌላ ቬክተር፣ ጥያቄው ደግሞ ከእያንዳንዱ ስንት ስንት ብንወስድ ከእኩል ምልክቱ ማዶ ያሉት (0, 3) ላይ እንደርሳለን የሚል ይሆናል። ከመጀመሪያው አንድ፣ ከሁለተኛው ሁለት። በቃ! ማትሪክስ (እንዲህ በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ ቁጥሮች) ለእኔ እስከዚያ ድረስ በቃል የምሸመድደው የስሌት ሥርዓት ብቻ ነበር።

ወደ ቬስት ስንመለስ፣ እሳቸው ራሳቸው ከታች የመጡ የክፍል መምህር ነበሩ። ዌስት ቨርጂኒያ ተወልደው እዚያው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ፣ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠሩ፣ እዚያው አስተማሩ፣ ዲን ሆኑ፣ ፕሮቮስት (የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ጉዳይ ዋና ኃላፊ) ሆኑ። ምርምራቸው በሌዘርና በሆሎግራም (በብርሃን በሚቀረጽ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል) አንድን ነገር ሳይነኩ ጥቃቅን ለውጡን መለካት ላይ ነበር። ከኤምአይቲ በኋላም የአሜሪካ ብሔራዊ የኢንጂነሪንግ አካዳሚን እስከ 2013 መርተዋል፤ በዚያው ዓመት በ72 ዓመታቸው አረፉ።

አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። በ1999 የኤምአይቲ ሴት ሳይንቲስቶች ከወንዶቹ ያነሰ ደመወዝና የላብራቶሪ ቦታ እንደሚሰጣቸው የሚያሳይ ሪፖርት ወጣ። ቬስት አላድበሰበሱትም። መድልዎው ከግምት ይልቅ በአብዛኛው እውነት መሆኑን አሁን ተረድቻለሁ ብለው በስማቸው ጻፉበት። የራሱን ተቋም ጉድለት እንዲህ በአደባባይ የሚያምን ፕሬዚዳንት ስንት አለ? በእኔ ዓይን ትልቅነታቸው እዚህም ላይ ነው።

ወደ ጥቆማው። ኦፕን ኮርስዌር ምዝገባ የለውም፣ ክፍያ የለውም፣ ሰርተፍኬትም አይሰጥም። ለወረቀት ከሆነ ሌላ ፈልጉ፤ ለማወቅ ከሆነ ግን ዓይናችሁን ሳታሹ ግቡበት። ሁሉም ኮርስ ቪዲዮ የለውም፣ ኖት ብቻ ያላቸው ብዙ ናቸው። ለብቻችሁ የምታጠኑ ከሆነ "ስኮላር" የሚል ስም ያላቸውን አስቀድሙ፣ የተዘጋጁት ለእንደናንተ ዓይነቱ ነው። ኔትወርክ የሚያስቸግራችሁ ደግሞ የኮርሱን ፋይል አንዴ አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ትችላላችሁ። አሳይመንቱን ግን መልሱን ሳታዩ ሞክሩት፣ አደራ።

የሞከራችሁት ጥሩ ኮርስ ካለ ቁጥሩን ጻፉልን፤ በተለይ ቴርሞዳይናሚክስ የሚፈልጉ ልጆች እየጠየቁኝ ነው።