የቆየ የእንግሊዝ መኪና ላላችሁ፦ እኚህን ሰው ላስተዋውቃችሁ

ይህን የምጽፈው እንግሊዝ አገር ሆናችሁ ለአሮጌ መኪናችሁ የሚታመን ባለሙያ ለምትፈልጉ ነው። ምስጋናም ስላለብኝ ነው።

መኪናዬ በ1972 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር አቢንግደን ከተማ የተሠራች ኤምጂ ቢ የምትባል የስፖርት መኪና ናት። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1,798 ሲሲ። ባለፈው ዓመት ሰማያዊ ጭስ ታጨስ ጀመር። ስትሞቅ የዘይት ግፊቷ ይወርዳል፣ ከታች ኳ ኳ ይላል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሞተር አወረዱ፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቀየሩ፣ ገንዘባቸውን ተቀበሉ። 600 ማይል ሳልነዳ ጭሱ ተመለሰ። በጣም ነው ያዘንኩት።

እኚህን ሰው ያገኘኋቸው በሰው በሰው ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እንግሊዛዊ ናቸው፤ የሚሠሩት ብቻቸውን፣ ከቤታቸው ጓሮ። ዋጋ ስጠይቃቸው «ሳልለካ ምን ብዬ እነግርሃለሁ?» አሉኝ። ከዚያ እሳቸው እየለኩ እኔን ቁጥሩን አስጻፉኝ። ሲሊንደሮቹ ከላይ በኩል 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፍተዋል፤ ክባቸውንም ለቀዋል። አዲስ ፋሻ እንዲህ ያለ ሲሊንደር ውስጥ ቢገባ ዘይት ሊይዝ አይችልም። የመጀመሪያው ጋራዥ አልለካም ነበር ማለት ነው።

ሲሊንደሮቹ በ0.76 ሚሊ ሜትር ሰፍተው ተስተካከሉ፤ በልካቸው አዲስ ፒስተን ገባ። ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ተላገ፣ ብሮንዚናው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት መቀመጫ) ተቀየረ። ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው፣ ቫልቮቹ ያሉበት ክፍል) ላይ ግን ቆም ብለው አስረዱኝ። ድሮ ቤንዚን ውስጥ የነበረው እርሳስ (ሊድ) የቫልቭ መቀመጫውን ከመበላት ይጠብቀው ነበር። እንግሊዝ አገር ከ2000 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ እርሳስ ያለው ቤንዚን ከተለመደው ገበያ ወጥቷል። ስለዚህ የጭስ ማውጫዎቹ ቫልቮች ቀስ በቀስ ወደ ቴስታታው ይሰምጣሉ። የእኔዎቹ ጀምረው ነበር። ጠንካራ ብረት የሆነ መቀመጫ አስገቡላቸው። ሁለቱን ኤስዩ ካርቡራተሮች (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉትን) አዲስ ልግዛ ስላቸው ግን እምቢ አሉ። «ደህና ናቸው፣ ጽዳት ይበቃቸዋል» አሉኝ። መሸጥ እየቻሉ!

አባቴ አዲስ አበባ መካኒክ ነበር። እኔም የሞተር ዕቃ የማውቀው በእሱ አፍ ነው፦ ቴስታታ፣ ፋሻ፣ ካንዴላ። የእንግሊዝኛው ስም ሲጠፋኝ በጣቴ አሳያቸው ነበር። አንድ ቀን ስሄድ የቴስታታው ካርቶን ላይ በራሳቸው ፊደል «ቴስታታ» ብለው ጽፈውበት አገኘሁ። አባቴን አስታወሱኝ፤ ለጊዜው መናገር አቃተኝ።

ሞተሩ የተነሳ ዕለት ደግሞ አንድ ነገር ተማርኩ። አዲስ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ሲገባ ሞተሩ እንደተነሳ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ እንዲዞር) መተው የለበትም። በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ እየተያዘ 20 ደቂቃ ያህል መሥራት አለበት፤ ያለዚያ ካምሻፍቱ ገና በመጀመሪያው ቀን ሊበላ ይችላል። ሃያውን ደቂቃ ሙሉ አጠገቡ ቆመው ጌጁን አዩ፣ ፍሳሽ ፈለጉ፣ ድምፁን አዳመጡ። በሳምንቱ ቴስታታውን እንደገና ሊያጠብቁ ራሳቸው መጡ። አልጠራኋቸውም።

አሁን 2,000 ማይል ነድቻታለሁ። ጭስ የለም። በሞቀ ሞተር መንገድ ላይ የዘይት ግፊቷ 60 ፒኤስአይ ነው፤ ጥሩ ግፊት ነው።

እውነቱን ለመናገር ርካሽ አይደሉም። ከቀጠሩኝም ሦስት ሳምንት ዘግይተዋል፤ ግን በየጊዜው እየደወሉ ምክንያቱን ይነግሩኝ ነበር። ጋሼ፣ ይህን ማንበብ ባይችሉም፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ሥራ ስለሚበዛባቸው እንዳላወጣው ነግረውኛል። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው አገናኛችኋለሁ። ሞተሩን ራሳችሁ ፈታታችሁ እንዳትወስዱላቸው ብቻ። እንዳለ ውሰዱት፤ ሲፈታ ማየት ይፈልጋሉ።